የመጨረሻዋ የአክብሮት አንቀጽ

«ወንድም፣ ፖስታ የሚገባው መዝገብ ቤት ነው። ምድር ቤት፣ ሦስተኛው በር» አልኩት ቀና ሳልል።

ፖስታውን ይዞ ወረደ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ማኅተም የተመታበትን ቅጂ ይዞ ተመለሰ።

«አስገብቻለሁ እህቴ። አሁን ኃላፊሽን ማነጋገር እችላለሁ?»

«ማን ልኮህ ነው?»

«ማንም። የስደተኞች መርጃው ዓለም አቀፍ ድርጅት ተጠሪ እኔ ነኝ።»

አማርኛው የአገሬ ሰው አስመስሎት፣ ቀጠሮ የያዝኩለትን የውጭ አገር እንግዳ እንደ ተላላኪ አሰልፌው ኖሯል። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ።

«አይዞሽ፣ ሰልፉ ላይ ጥሩ ጨዋታ ነበር» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ሾፌር መላክ ሲችል ደብዳቤዎቹን ራሱ ያመጣ ጀመር። እኔ ለዓለም አቀፍ ድርጅቶች የሚላኩ የመንግሥት ደብዳቤዎች አርቃቂ ነኝ። ስምንት ወር ምሳ አብረን በላን። ለማንም አልተናገርንም።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ኃላፊዬ ጠራኝና በሩን ዘጋ። ድርጅቱ ስለ ስደተኞች መጠለያ ያወጣው ሪፖርት መንግሥትን አስቆጥቶ ነበር።

«ጻፊ። ተጠሪው በሰባ ሁለት ሰዓት ውስጥ አገር ለቆ ይውጣ። እስከ ነገ ማንም እንዳይሰማ።»

ጻፍኩ። 

«የመጨረሻዋን የአክብሮት አንቀጽ አውጪያት።»

በየደብዳቤው ግርጌ የምትገባ አንቀጽ ናት። መንግሥት ለድርጅቱ ያለውን ከፍ ያለ አክብሮት በድጋሚ ያረጋግጣል ትላለች። ስትኖር ማንም አያነባትም። ስትቀር ግን ስድብ ነው።

«እሷ ካልገባች... አልጽፍም፣ ጋሼ።»

በአራት ዓመት ውስጥ እምቢ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር። መነጽሩን አወለቀ።

«ከሰውዬው ጋር ነገር አለሽ እንዴ?»

የለኝም ማለት እችል ነበር።

«አለኝ።»

 ብንጣላም ሥርዓታችንን አንጥልም ብሎ ያችን አንቀጽ ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው።

«ትግባ» አለ በመጨረሻ። «ነገ የምታስረክቢው ግን አንቺው ነሽ። ከሰኞ ጀምሮ እዚህ ክፍል እንዳላይሽ።»

ምሳ ሰዓት ላይ እንደ ወትሮው ከተጠሪው ጋር ስለ ዝናቡ አወራን።

ሐሙስ ጠዋት ተጠርቶ ቢሮዬ ሲመጣ ፖስታውን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ትናንት ምሳ ስንበላ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ዳቦ አቀበልሽኝ እኮ። ሳቅሽልኝ።»

«መናገር አልችልም ነበር።»

ሳያየኝ መረከቢያ መዝገቡ ላይ ፈረመ። በሩ ጋ ሲደርስ ወረቀቱን እንደገና ገለጠው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ ያውቃል።

«ይህቺ አክብሮት... ረስተዋት ነው?»

«አልረሷትም። ስድብ ላስረክብህ አልቻልኩም። ኃላፊዬ ስለ እኛም ጠየቀኝ፣ ነገርኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከሰኞ ጀምሮ መዝገብ ቤት ነኝ።»

«ምድር ቤት፣ ሦስተኛው በር» አለ። ሊስቅ ሞክሮ ድምፁ ከዳው። ከበሩ ተመልሶ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመ።

«ትመጪያለሽ?»

«ሥራዬን በሥርዓት አስረክቤ... እመጣለሁ።»

ቅዳሜ ሄደ። የእኔ መልቀቂያ የጸደቀው ከአራት ወር በኋላ ነው። ተከተልኩት፤ በደረስኩ በዘጠነኛው ቀን ተጋባን።