በደባርቅ ሰማይ ያለፈው አውሮፕላን

ግራዝማች ሀብተ ሚካኤል ማጅራታቸውን በዱላ ተመትተው ከገዛ ጓሯቸው ሞተው ተገኙ። በማግሥቱ ጎረቤታቸው ውዱ ታሰረ። ሁለቱ በወሰን ሲካሰሱ ኖረዋል፤ በሞቱበት ቀንም ውዱ አምስት ሰዓት ላይ ከግቢያቸው እየተሳደበ ሲወጣ ታይቷል። ገመዱን ያጠበቀበት ግን የማመልከቻ ጸሐፊው የጀምበሩ ቃል ነው።

«አውሮፕላኑ ከአናታችን ሲያልፍ ጩኸት ሰማሁ» ብሏል። ከአክሱም ወደ ጎንደር የሚበረው አውሮፕላን ደባርቅ ላይ የሚያልፈው አምስት ሰዓት ነው፤ ሰዓት ያለውም የሌለውም በድምፁ ይተማመናል።

ከጎንደር የተላከው መርማሪ፣ መቶ አለቃ ክንዴ፣ ጀምበሩን እንደገና ጠየቀው።

«ምን ሲያደርጉ ነበር፣ አቶ ጀምበሩ?»

«ምሳዬን በልቼ ግራዝማች አጥር ሥር ጋደም ብዬ።»

«ምሳው ምን ነበር?»

«ሽሮ ነዋ፣ ጌታዬ። የጸሐፊ ምሳ ምን ይሆናል?»

ክንዴ ሳቀ። ጀምበሩ ግን የሚያስበው ውዱን ነበር። ውዱ አምና ሰርግ ቤት «አራት ክፍል ቆጥሮ ከሽማግሌ እኩል ይቀመጣል?» ብሎ ከወንበር አስነሥቶታል። የእድምተኛው ሳቅ እስከ ዛሬ ከጆሮው አልወጣም። ስለ ሰዓቱ ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም አልተናገረም። ውዱ ጎንደር ከወረደ የሚጠብቀው ስቅላት ነው።

ክንዴ ቀጥሎ የሟቹን የወንድም ልጅ ያርጋልን ጠራ።

«እስከ አምስት ተኩል ዳባት ፍርድ ቤት ነበርኩ፤ ዳኛውን ይጠይቁ። እዚህ የገባሁት አሥር ሰዓት ነው።»

«በምን መጣህ?»

«በእህል መኪና።»

በሦስተኛው ቀን ክንዴ ሁሉንም ግራዝማች ግቢ ሰበሰበ።

«ጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ደውዬ ነበር» አለ። «በዚያ ቀን አክሱም ላይ ነፋስ ይዞት የተነሣው ሰባት ተኩል ነው። በአየር ሃምሳ ደቂቃ ነውና ጎንደር ያረፈው ስምንት ሰዓት ከሃያ። ከደባርቅ ጎንደር በመኪና ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ በአየር ግን ሃያ ደቂቃ ነው። ሃያዋን ቀንሱ። እዚህ ያለፈው ስምንት ሰዓት ላይ ነው።»

የውዱ ሚስት አገርነሽ አፏን ያዘች። «ክርስትና ቤት ሳለን ነው ያለፈው፤ ይህን ብንልም ‹በአምስት ሰዓት ምን ድግስ አለ?› ብለው አላመኑንም። ዛሬስ ድግሱን በጧቱ አቀረቡ ብለን ባለቤቶቹን ስናማ ዋልን።»

«ሆዳችሁን ትታችሁ አውሮፕላኑን አመናችሁ። አቶ ጀምበሩ ግን ምሳ በልተው ነበር፤ በአምስት ሰዓት ማን ምሳ በልቶ ይጋደማል? ስምንት ሰዓት ላይ ውዱ ከሠላሳ ሰው ጋር ማዕድ ላይ ነበር። ያርጋል፣ ሾፌሩ እንደነገረኝ ሰባት ሰዓት ላይ ነው ያወረደህ። አጎትህ ርስቱን ለደረስጌ ማርያም ሊናዘዙ መሆኑን ዳባት ሰምተህ መጣህ። እስከ አሥር የት ነበርክ?»

«አውሮፕላንም ምስክር ሆነ?» አለ ያርጋል። የሚስቅለት አላገኘም። መሬት ላይ ተቀመጠና «ርስቱን እንዳይሰጡ ለምኛቸው ነበር» አለ።

የውዱ ገመድ ተፈታ። ክንዱን እያሸ ጀምበሩ ፊት ቆመ።

«ሰዓቱ ጠፍቶህ ነው?»

ጀምበሩ «አዎ» ቢል ሁሉም ያምነው ነበር።

«አልጠፋኝም» አለ።

«አምስት ልጆች አሉኝ እኮ» አለው ውዱ፤ ሌላ ሳይጨምር ከሚስቱ ጋር ወጣ።

ጀምበሩ ቢሰድበው ይሻለው ነበር።