የዓሣ ማስገሪያ ክር

«ክሩን እንዳትነካው ብቻ፤ ቀስቱን ከላይ ከላይ አመላልሰው» አለች ቀጮ ከመድረኩ መጋረጃ ጀርባ በሹክሹክታ።

በረኛው ቫዮሊኑን አገጩ ሥር እንደገና ወሸቀው። እስከ ትናንት የትምህርት ቤቱ እግር ኳስ ቡድን በረኛ እንጂ ሙዚቀኛ አልነበረም። ዛሬም አይደለም፤ የመጣው ቁጥር ለማሟላት ነው።

«ሙድ ቢያዝብንስ?»

«ማን ቀርቦ ያያል?»

ከሩቅ ለሚያይ በእርግጥም አይታወቅም። የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክበብ ቫዮሊኖች ክር እየተበጠሰ ካለቀ ቆይቷል። የባህል ቢሮው መግዣ ሲጠየቅ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ከረመ። አዳራሹን ግን ቀባ፣ ቀይ መጋረጃ ሰቀለ፣ በሩ ላይም የራሱን ስም በትልቁ አጻፈ። በቫዮሊኖቹ ላይ የዓሣ ማስገሪያ ክር የወጠሩት ጋሼ ናቸው።

ጋሼ የሙዚቃ አስተማሪያቸው ናቸው። ቀጮን ቀስት አያያዝ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ደመወዛቸው የሚከፈለው ቢሮው ለክበቡ ከሚሰጠው ድጎማ ሲሆን፣ ይቀጥል አይቀጥል የሚለየው ዛሬ፣ የቢሮው ኃላፊ ክበቡን መጥተው ሲያዩ ነው።

«ለሞተ ክበብ ማንም በጀት አይመድብም» ብለው ነበር ጋሼ ጠዋት፣ ዓይናቸውን ከልጆቹ እያሸሹ። «ድሮ የቀረጽነውን ሙዚቃ በድምፅ ማጉያ እለቀዋለሁ። እናንተ እጃችሁን ብቻ አንቀሳቅሱልኝ። እባካችሁ።»

ቀጮ ሆዷ ባባ። ጋሼ እንዲህ ሲለማመጡ አይታቸው አታውቅም። እሺ ያለችውም ለዚያ ነው።

ደግሞም ተሳካላቸው። ሙዚቃው ተለቀቀ፣ እጆች ተንቀሳቀሱ፣ በረኛው እንኳ ዓይኑን ጨፍኖ ተመሰጠ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት የቢሮው ኃላፊ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ቆይተው፣ ሲያልቅ መድረክ ላይ ወጥተው ማይክራፎኑ ፊት ቆሙ።

«ኮርቻለሁ» አሉ። «እውነቱን ለመናገር ይህ ክበብ ድጋፍ አያስፈልገውም። በራሱ እግር ቆሟል። ስለዚህ ድጎማውን ምንም ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች አዙረነዋል።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ጋሼ ፈገግ እንዳሉ ቀሩ፤ ፈገግታውን የሚያወርዱበት ቦታ ያጡ ይመስሉ ነበር።

ቀጮ አንጀቷ አረረ። የተናደደችው በኃላፊው ብቻ አይደለም፤ በጋሼም፣ በራሷም ነው። ምናለ ይህን ያህል አሳምረው ባይዋሹ። አሁን ብትናገር ጋሼ አጭበርባሪ ይባላሉ። ዝም ካለች ደግሞ ጋሼ ሥራ የላቸውም፤ ቫዮሊኖቹም አዲሱ መጋረጃ ጀርባ አቧራ ሲጠጡ ይኖራሉ።

ኃላፊው ልጆቹን ሊጨብጡ ዞር አሉ። መጀመሪያ የቆመችው እሷ ነበረች።

«ጎበዝ ነሽ የኔ ልጅ። የጎደላችሁ ነገር አለ?» አሏት፣ ፎቶ አንሺውን እያዩ።

ቀጮ ወደ ጋሼ ተመለከተች። ጋሼ አንገታቸውን በቀስታ ነቀነቁ፤ ተይ ማለታቸው ነው። ቫዮሊኑንና ቀስቱን በሁለት እጇ አቀረበች።

«እስቲ እርስዎ ይሞክሩት» አለች።

ኃላፊው ሳቁ። ለፎቶው ብለው ተቀበሏት፣ አገጫቸው ሥር አደረጉት፣ ቀስቱን ሳቡ። ማይክራፎኑ አጠገባቸው ነበር፤ ከፕላስቲኩ ክር የወጣው ግን ትንሽ የመፋቅ ድምፅ ብቻ ነው። ደግመው ሳቡ። ጎንበስ ብለው ክሩን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። ጭብጨባው ከፊት ወንበሮች ጀምሮ እየቀነሰ ሄደ።

ኃላፊው ቫዮሊኑን ቶሎ ብለው መልሰው ዘረጉላት። ቀጮ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች።