ከዝምተኞች ዘመን በኋላ

ነቢዩ ዛሬም መጣ። ጸሐፊዋ ገና ኮቴውን ስትሰማ፣ ከኮምፒውተሩ ቀና እንኳ ሳትል «አሁንስ በቃኝ!» አለች።

ነቢይ የሚለውን ስም ያወጣችለት እሷው ናት። እሱማ በመብራት ዕቃ መደብር የሚሠራ፣ ሲስቅ አፉን በመዳፉ የሚሸፍን ዓይን አፋር ነው። ግን የራሱን ዓለም ፈጥሯል። የዚያን ዓለም ሃይማኖትና ፍልስፍና ከሥር ከመሠረቱ እየጻፈ፣ በየሳምንቱ ወደ አጎቷ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት እየመጣ ያስተይባታል።

በእሱ ዓለም መጀመሪያ ማሚቶኞች ነበሩ። ገደል አፋፍ ላይ ቆመው የልባቸውን ይጮኻሉ፤ የሚመለሰውን ድምፅ የአምላክ መልስ ነው ብለው ያምናሉ። ቀጥለው ተጠራጣሪዎች ተነሡና «የምንሰማው የገዛ ራሳችንን ጩኸት ነው» አሉ። በዚህ የተነሣ ጦርነት ሆነ። የተረፉት፣ ያጫረሰን ንግግር ነው ብለው አፋቸውን ዘጉ። ዝምተኞች ተባሉ።

ከዚያ ወዲህ ታሪኩ ንቅንቅ አላለም። ዝናቡ አባርቶ ፀሐዩ ከረረ፤ ዝምተኞች ግን አፋቸውን እንደዘጉ ናቸው።

«ዛሬስ ምን አደረጉ?» አለችው ጸሐፊዋ።

«ዝም አሉ።»

«እስከ መቼ?»

«ገና ሦስት መቶ ዓመት ይቀራቸዋል።»

«ኧረ በፈጠረህ! ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ ምን ይሠራሉ?»

«ያስባሉ» አለ ጣቶቿን እያየ። ቀና ስትል ዓይኑን ወደ ማተሚያው አሸሸ።

የሚያቃጥላትም ይኸው ነው። ያያታል፤ ስታየው ይተዋል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ አምፖል ይዞ እየሮጠ ይመጣል፤ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ ሲያበቃ «መልካም ውሎ» ብሏት ውልቅ ይላል። ስንት ጊዜ በሩን እያየች ቀርታለች!

አሁን ግን ጊዜ የላትም። ታላቅ እህቷ ሌላ ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ ሥራ አግኝታላታለች፤ መልሷንም ዛሬ ትጠብቃለች። ጸሐፊዋን የሚያስቀራት አንድ ቃል ነበር። ቃሉ ያለው ሰው ደግሞ የዝምተኞች ነቢይ ሆኖ አረፈው።

ስለዚህ ከታሪኩ መጨረሻ ላይ የራሷን አንድ ገጽ ተይባ፣ አትማ ሰጠችው።

በዝምተኞች መንደር አንዲት ሴት አለች። ከእነሱ አንዱን ትወዳለች፤ እሱም እንደሚወዳት ታውቃለች። አንድ ቀን ጓዟን ጠቅልላ አደባባይ መሃል ቆመች። የብረት ድስት በጭልፋ እየደበደበች «የምትናገር ከሆነ አሁን ተናገር፤ አለዚያ መሄዴ ነው!» አለች።

ነቢዩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አነበበ። ደግሞ አነበበ።

ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣና አንዲት ቃል ሰርዞ ወረቀቱን መለሰላት።

«ጥሩ ነው» አለ። «ግን ከጦርነቱ በኋላ ብረት በሙሉ ባሕር ተጥሏል። ድስቱ የሸክላ ይሁን።»

«የሸክላ ድስት በጭልፋ ሲመታ ይሰበራል!»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለ ግንባሩን እያከከ። «እንግዲያው የእንጨት ገበቴ...»

«አንተ ሰውዬ! ከዚህ ሁሉ ድስቱ ነው የታየህ? ሴትዮዋስ? ጓዟን ጠቅልላለች እኮ!»

«ወዴት ነው የምትሄደው?»

«እህቴ ጋ! ሰኞ!»

ያኔ ገባው። ፊቱ አመድ መሰለ። ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ።

«ሂድ፣ ሂድ አስብበት!» ብላ ስልኳን አነሣችና የእህቷን ቁጥር ደወለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ በሱ ይሁን በራሷ እንደተናደደች አታውቅም።

በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ አንድ ነገር አለ። ፎቶ ኮፒው እየጮኸ ስለነበር ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ብቻ ታየ።

አጎቷ ከማሽኑ ጀርባ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ጮክ በል! ይሄ ማሽን ሰው አያደማምጥም።»

«አትሂጂ!» ብሎ ጮኸ፣ ገደል አፋፍ ላይ እንደቆመ ሰው። «እወድሻለሁ!»

ማሽኑ በዚያችው ቅጽበት ቀጥ አለ። ቃሉ ቤቱን ሞልቶ ወደ መንገዱ ፈሰሰ፤ ማዶ ያለው ጫማ ሰፊ እንኳ መርፌውን እንደያዘ ቀና አለ። ወረፋ የያዙ አንዲት እናት «እሰይ፣ ተገላገልን!» አሉ።

ጸሐፊዋ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀች።

«መልሱስ?» አላት።

«ሦስት መቶ ዓመት ላስብበት?»

እጁን ወደ አፉ ሲወስድ ቀደም ብላ ያዘችው። «አትሸፍነው። ገና አሁን መክፈትህ ነው።» ከዚያ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። «እትዬ፣ አልመጣም... ምክንያቱማ እዚህ ፊቴ ተገትሯል። አዎ፣ እሱው። ያበሽቃል!»

ስልኩን ዘግታ ጣቶቿን ፊደሎቹ ላይ አሳረፈች። «በል ንገረኛ፤ ከዝምተኞች በኋላ የሚመጣው ዘመን ማን ይባላል?»

«እሱን... ገና አላሰብኩበትም።»

«ወይኔ ጉዴ!» አለችና፣ እየተበሳጨች ወንበሯን ወደሱ አስጠጋች።