የተመረዘው ኢንስፔክተር

ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናው ላይ እንደተደፋ ተገኘ። ቁስል የለውም፣ ጭረትም የለውም። ደሙ ለምርመራ ተላከ፤ ምግብ ውስጥ የማይገባ ኬሚካል ተገኘበት። ምሳውን ያቀረበችለት ሚስቱ ነበረች። በቃ፤ ባሏ ሳይቀበር ታሰረች።

ሰፈሩም ለመፍረድ አልተቸገረም። ትናንት ከበሯ የማይጠፉት ሁሉ “ድሮም ዓይኗ ደስ አይለኝም ነበር” አሉ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። አንድያ ልጇ እንኳ እስር ቤት መጥታ አልጠየቀቻትም።

ጉዳዩን የያዘው ኢንስፔክተር ቤቱን አገላብጦ ፈተሸ። መርዝ የለም። ከሟች ጋር የተጣላውን ጨርቅ ነጋዴ ጠረጠረ፤ ሰውየው ያን ሰሞን ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ደግሞ፣ ኬሚካሉ ባይገኝ ኖሮ ልቡ ቀጥ ብሎ ነው የሞተው እል ነበር አለ።

ኢንስፔክተሩ ይህን ሲሰማ ደሙ ወደተመረመረበት ላቦራቶሪ ሄደ። ኃላፊው ሽቶ ሽቶ እየሸተተ፣ ከንፈሩን አጣሞ ተቀበለው። ማሽን አይሳሳትም አለው፤ ፖሊስ ሌባውን ያሳድድ፣ ሳይንሱን ለባለቤቱ ይተው።

ኢንስፔክተሩ አልተከራከረም። ክሊኒክ ገብቶ የራሱን ደም አስቀዳና የሌላ ሟች ደም ነው ብሎ ላከላቸው።

ውጤቱ መጣ። ኢንስፔክተሩ ተመርዞ ሞቷል፤ በዚያው ኬሚካል።

ምሳውን ጠግቦ በላና ወደ ላቦራቶሪው ጓሮ ዞረ። ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ግማሽ የተቃጠሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ተከምረዋል። አዲስ ናቸው፤ ውስጣቸው ግን ደፍርሶ ይጣበቃል። በላያቸው በተለጠፈው ወረቀት ላይ የኃላፊው ፎቶ ጥርሱን አግጦ ይስቃል። አንዱን ይዞ ሌላ ላቦራቶሪ ሄደ። ኬሚስቷ አየት አድርጋ፣ ደም ለምርመራ የሚዘጋጅበት ፈሳሽ ከብርጭቆ ሌላ ዕቃ ውስጥ አይቀመጥም፣ ርካሽ ፕላስቲክ ከነካ ፕላስቲኩን አሟሙቶ ያንኑ ኬሚካል ይዞ ይወጣል አለችው። ለዚህም ነው ደም ሳይገባበት ፈሳሹ ብቻውን አስቀድሞ የሚፈተሸው።

ተመልሶ ጠርሙሱን ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አኖረ።

“ይህ ምንድን ነው?”

“ለጉብኝት ነው። እንግዶች ፎቶ ሊያነሡ መጡ፤ የብርጭቆው ጠርሙስ አሮጌ ይመስላል።”

“ከዚያስ?”

“ፈሳሹን ወደ ብርጭቆው መለስነው።”

“ፕላስቲኩን ለምን አቃጠልከው?” አንቱታው እዚህ ላይ ቀረ።

ኃላፊው ጠርሙሱን ከፊቱ ገፋ አደረገው።

“ፈሳሹ እንደበላው ስላየህ ነው። እያወቅህ ውጤቱን ፈረምክ።”

“ቢሰማ ስሜ ይጠፋ ነበር” አለ ኃላፊው። “ደግሞም ሴትየዋ ገድላው ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ።”

ኢንስፔክተሩ በንዴት የገደለ አይቷል፤ በቅናት የገደለም አይቷል። ፎቶ ያምርልኝ ብሎ በንጹሕ ሰው ላይ የሚያስፈርድ ግን አልገጠመውም። በጥፊ ሊለው ፈለገና እጁን ለማቆሸሽ ተጸየፈ። ካቴናውን በጣቱ ጫፍ አጠለቀለትና ፊቱን እያየ ላለመሄድ ከፊት ከፊቱ አስኬደው፤ ጀርባውም አስጠላው።

ሴትየዋ ስትፈታ ልጇ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እግሯ ላይ ወደቀች።

“እማዬ፣ ሐኪሞቹ ናቸው እኮ ያሉት…”

እናትየዋ አላስጨረሰቻትም፤ ክንዷን ይዛ አስነሣቻት።

“አባትሽን የት ቀበራችሁት?” አለቻት። “መጀመሪያ እዚያ ውሰጂኝ።”