ደረት ላይ የዋለች ቤሳ

መድና የተቆጣች ቀን መጋላ ሰፈር ውስጥ የማይሰማ የለም። ጎረቤቶቿ «ዛሬ ደግሞ ማን ነካት?» ይባባላሉ እንጂ አይደነግጡም። ቁጣዋና ፍቅሯ የሚወጡት በአንድ በር መሆኑን ያውቃሉ።

ሣህሉንም ያወቀችው ተቆጥታ ነው። አባቷ ሲሞቱ የድሮ ገንዘብ የሚሸጡበትን ጠባብ ሱቅ ትተውላት ነበር። አንድ ቀን ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ ከከዚራ ሰፈር፣ ሣህሉ የሚባል የባቡር ሠራተኛ ልጅ መጣና የምኒልክ ዘመን የመዳብ ቤሳ አነሳ። ቤሳዋ ድሮ ሴቶች ባንገታቸው እንዲያስሯት የተበሳች ናት። ልጁ የቆሸሸች መስሎት በሸሚዙ ጫፍ መፈተግ ጀመረ።

«አቦ ተው! እጅህን ልቁረጠው?»

«ልወለውልልሽ ብዬ እኮ ነው። ቆሽሻለች።»

«የቆሸሽክስ አንተ!»

መንጭቃ ወሰደችበትና ወደ ብርሃን አዞረቻት። ጠርዟ ቡናማ ነው፤ መሃሏ ላይ ግን እንደ ርግብ አንገት ወይን ጠጅና ሰማያዊ ይጫወትባታል። ያን ቀለም ያወጣችው አባቷ በወረቀት ጠቅልለው ለዓመታት ሣጥን ውስጥ ስላኖሯት ነው። «መዳብ የዋለበትን ይናገራል» ይሉ ነበር አባቷ። «ላብ ያጠቁረዋል፤ እርጥበት አረንጓዴ ያለብሰዋል። የወለወለው ሰው ግን አፉን ይዘጋዋል።» ይህን ለሣህሉ አልነገረችውም። ያን ቀን ከስድብ በቀር ምንም አልነገረችውም።

እሱ ደግሞ ቤሳዋን ትቶ እሷን ያይ ነበር። በማግስቱ ተመልሶ መጣ። የሚገዛው ነገር ሳይኖረው «ያቺን ሰማያዊዋን አሳዪኝ» ማለት ልማዱ ሆነ። እሷም እየተቆጣች ታሳየዋለች፤ ቤሳዋን ስትሰጠው ግን ጣቷን ቶሎ አትሰበስብም። የእሱ ቤት በመስቀሉ፣ የእሷ ቤት በመስጊዱ ምሎ አኮረፈ። ሁለቱ ግን ኩርፊያውን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም።

ቀበሌው ሣህሉን ለብሔራዊ ውትድርና ሲመለምለው መድና ቀበሌው በር ላይ ቆማ ሊቀመንበሩን ከነዘር ማንዘሩ ሰደበችው። ጎረቤቶቿ አፏን ይዘው ባይመልሷት እሷም ታስራ ነበር። በተሸኘበት ቀን ቤሳዋን በክር አስራ አንገቱ ላይ አጠለቀችለት።

«እንዳታወልቃት» አለችው።

ዓመታት አለፉ፤ ሰሜን ግንባር ያለ ሰው ወሬው እንደ ዝናብ ነው፤ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል። በዚህ መሃል አዴሯ፣ ማለትም ያባቷ ወንድም ሰማታር፣ ወርሳሜ ለሚባል የጅቡቲ ነጋዴ ሊድሯት ተነሱ። እምቢ ስትላቸው ሰው በተሰበሰበበት እንዲህ አሉ፦

«ቤሳ ቤስቲን የሌለውን ወታደር ነው የምትጠብቂው? አሥመራ አግብቷል አሉ። ያባትሽንም ቤሳ ላዲሷ ሚስቱ አስሮላታል።»

መድና ደሟ ፈላ። «ይምጣ! ቤሳዋን አያታለሁ። ካንገቱ ወርዳ ከሆነ ቀለሟ ይነግረኛል። ያን ጊዜ ወርሳሜን አገባለሁ፣ ወላሂ!»

ቁጣ ያናገረው መሐላ ነው፤ ግን ሰው ሁሉ ሰምቶታል።

ሣህሉ መጣ። ከስቷል፣ ፊቱ በፀሐይ ተልጧል። ሱቁ በር ላይ ሲቆም መድና ሚዛኑን ከእጇ ጣለችው። ሰማታር ከወንበራቸው ሆነው «ቤሳዋስ?» አሉ።

ሣህሉ ፈገግ ብሎ ከአንገቱ አወለቃትና ለመድና ሰጣት። ቤሳዋ ቀይ ሆና ታበራለች። ትናንት ከማተሚያ የወጣች ትመስላለች። ላብ የለባትም፤ ዓመት የለባትም።

«አየሽ?» አሉ ሰማታር። «ይቺ አንገት ላይ የዋለች ናት?»

«እኔ ነኝ የወለወልኳት» አለ ሣህሉ፣ ግራ ገብቶት። «የቀበቶ ዘለበት በምንወለውልበት ቅባት። ሰማያዊ ቀለሟ ጠፍቶ ጠቁራብኝ ነበር። አሳምሬ ልመልስልሽ ብዬ…»

«አሳምረህ?» መድና ጮኸች። «እኔ በሷ ምዬ! ያለኝ ምስክር እሷ ብቻ ነበረች፤ አፏን ዘግተህ አመጣሃት?»

ቤሳዋን ደረቱ ላይ ወረወረችበት። ጎንበስ ብሎ አነሳትና ወጣ።

ልቧ አምኖታል። ግን አደባባይ የተማለ መሐላ በልብ እምነት አይፈርስም። ሌሊቱን ሙሉ እሱን ረገመች፣ አዴሯን ረገመች፣ ከሁሉ በላይ የገዛ ምላሷን ረገመች። ሰማታር ወርሳሜ ዘንድ ሰው ላኩ።

በሦስተኛው ቀን የሣህሉ እናት በለጠች እርጥብ ልብስ የሞላ ሳፋ ተሸክማ፣ ነጠላዋን መሬት ለመሬት እየጎተተች ሱቁ ውስጥ ገባች።

«የታለች ያቺ ጠንቋይ? ልጄ ላይ ምን አሰርሽበት?»

ሳፋውን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «በሳሙና ፈተግኩት፣ በአመድ ፈተግኩት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ አልለቅ አለኝ! ያለው ካናቴራ ሁሉ እንደዚሁ ነው! አስማትሽን ከልጄ ላይ አንሺ!»

መድና አንዱን ካናቴራ ዘረጋች። ደረቱ ላይ፣ ልክ በቤሳ ስፋት፣ ክብ አረንጓዴ እድፍ አለ። ሌላውን ዘረጋች። እዚያው ቦታ ላይ ያው ነው። ብብቱ የተቀዳደደው አሮጌው ላይም አለ፤ ሰሞኑን ያወለቀው አዲሱ ላይም አለ።

ወንበራቸው ላይ ወደተቀመጡት አዴሯ ዞረች። «አዴር፣ ተነስ። ና እየው።»

ሰማታር የወንድማቸውን ሥራ ያውቃሉ። እድፉን በጥፍራቸው ጫሩት፤ ጨርቁን አገላበጡት።

«የመዳብ ነው» አሉ ሳይወዱ። «ደረት ላይ የከረመ መዳብ።» ከዚያ በኋላ ቀና ብለው ማንንም አላዩም።

«ምንድን ነው የምትባባሉት?» አለች በለጠች። «ይለቃል ወይስ አይለቅም?»

«አይለቅም፣ እትዬ በለጠች» አለች መድና እንባዋ እየወረደ። «ደግሞ ሁለተኛ እንዳታጥቢው!»

ድልድዩ ድረስ ለመዞር ትዕግሥት አልነበራትም። በደረቁ የደቻቱ አሸዋ አቋርጣ፣ ጫማዋ አሸዋ እየሞላ ከዚራ ደረሰች። ሣህሉ ደጃፉ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«ማን ወልውላት አለህ?»

«አፍሬ ነው፣ መድና። ጠቆረችብኝ።»

«ጥቁረቷ እኮ አንተ ነበርክ! ያን ሁሉ ዓመት ነው በቅባት ጠርገህ የጣልከው። አህያ!»

ቤሳዋን ከእጁ ነጥቃ አንገቱ ላይ አሰረችለት። ክሩን እልህ በያዘው እጇ አጠበቀችው።

«አነቅሽኝ እኮ!»

«ዝም በል!»

እጇ ግን ከአንገቱ ላይ አልተነሳም።

«እስክትጠቁር ስንት ዓመት ይፈጅባታል?» አላት ቀስ ብሎ።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች፣ አሁንም እንደተቆጣች። «ቁጭ ብዬ አያታለሁ።»