ሱከር የበላችው

«ትሞታለች እንዴ?» አለች ዊዳድ።

ዶክተር ኢዲል ማዳመጫውን ጥንቸሏ ደረት ላይ አድርጋ ስታዳምጥ ፊቷ ጨፈገገ። ጥንቸሏ ሱከር ወደ ቤታቸው ከመጣች ገና ሳምንት አልሞላትም። ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም፤ ሆዷ ተነፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግታለች።

ስንት ቦታ ዞረው ነው እዚህ የደረሱት! ቀፊራ ገበያ አጠገብ ያለው የእንስሳት መድኃኒት ሻጭ «ጥንቸል? እኔ የማውቀው ፍየልና ግመል ነው» ብሎ ሳቀባቸው። በባጃጅ ሳቢያን ሰፈር ድረስ ያመጣቸው የዊዳድ ወንድም ሙሂዲን ነው። «አቦ አታልቅሺ፣ ማሳከሚያውን እኔ እችላለሁ!» ያላትም እሱ ነው። አሁን በሩን ተደግፎ ቆሟል፤ እናታቸው ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«ልቧ በጣም ይመታል» አለች ዶክተሯ። «ሙቀት መትቷት ከሆነ መርፌ አለኝ። ሌላ ነገር በልታ ከሆነ ግን ያው መርፌ ይገድላታል። ምን በላች?»

«ጎመን» አለች ዊዳድ ቶሎ ብላ።

ውሸቷን ነው። ጎመኑ ሲያልቅባት ሙሂዲን አልጋ ሥር የደበቀውን ገራባ፣ ከጫት የተረፈውን ቅጠል፣ አፍሳ ሰጠቻት። የሰፈሩ ፍየል ሁሉ ገራባ እየበላ አይደል እንዴ የሚያድገው? ጥንቸልን ምን ያደርጋታል ብላ! እናታቸው ግን ልጇ ይቅማል ብላ በህልሟም አታስብም። «የቃምክ ቀን ባጃጄን ታስረክበኛለህ» ብላ አስምላዋለች። እሷ ደግሞ ካለች አለች ነው።

ሙሂዲን እንዳትናገር ዊዳድን በዓይኑ ለመናት።

ዊዳድ ብትናገር ወንድሟ ሥራ ይፈታል። ሕክምናውንስ ማን ይከፍላል? ደግሞ ዳግመኛ ባያናግራትስ? ፈራች፣ በጣም ፈራች። ዶክተሯ የሙቀቱን መርፌ ሞልታ ወደ ሱከር ጎንበስ አለች።

«ዶክተር፣ አይውጓት! ገራባ ነው ያበላኋት፣ ወላሂ ገራባ ነው!»

ዶክተሯ እጇን መለሰች። የዊዳድ እናት ብድግ አለች። «ገራባ? እኛ ቤት ገራባ ከየት መጣ?»

«እሱ ይቆየን፣ እናቴ» አለች ዶክተሯ። «ዊዳድ፣ ትኩስ ነው ወይስ የሻገተ? መድኃኒቱ ይለያያል። መቼ የተቃመ ነው?»

ዊዳድ አታውቅም። እዚህ ክፍል ውስጥ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሱከር እግሯን አንፈራገጠች። ዊዳድ እናቷን ላለማየት እየታገለች ወደ በሩ ዞረች።

«ሙሂዲን» አለች፣ «የመቼ ነው?»