አይረሳም የተባለው ሳጥን

«ራሙ ስንት ነው አልኩሽ!» አላት ኪዳን።

«አምስት መቶ አሥራ ሁለት ሜጋ ባይት» አለች ንጋት፣ አንገቷን ቀና አድርጋ። «ያንተ ፕሌይስቴሽን ያለው ሠላሳ ሁለት ብቻ ነው። መቀነስ ትችላለህ አይደል?»

ሞላ የከፈተው ጌም ቤት በሳቅ ተናጋ። ቅዳሜ ነው፤ የላሊበላ ገበያ ተበትኖ አህዮቹ ወደየመጡበት እየተነዱ ነው። ከእናቱ ዘንቢል ያመለጠ ተማሪ ሁሉ እዚች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ተጠቅጥቋል። ከፊት ሁለት ስክሪኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በስተቀኝ የሞላ ቴሌቪዥን ከነፕሌይስቴሽኑ፣ በስተግራ ደግሞ ንጋት ተሸክማ ያመጣችው ኮምፒውተር። በሁለቱም ላይ የእግር ኳስ ጨዋታ ተከፍቷል።

ኪዳን በቀላሉ እጅ የሚሰጥ ልጅ አይደለም። የሞላ ታናሽ ወንድም ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ከንጋት ጋር አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣል፤ በፕሌይስቴሽን ከመጡበት ደግሞ እናቱን የነኩበት ያህል ይቆጣል።

«ራም ይበላል እንዴ?» አለ። «እኔ ሲዲዬን ከትቼ ቁልፉን ስጫን ጨዋታው ይጀምራል። አንቺ ኢንስቶል፣ ድራይቨር፣ ግራፊክስ ካርድ ስትይ ፀሐይ ትጠልቅብሻለች። አቦ አትሸውጂን!»

«ሜሞሪ ካርዱ ከተበላሸ ወዲህ ያንተው ፕሌይስቴሽን መብራት በሄደ ቁጥር ሊጉን ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ኮምፒውተር ያስቀመጡበትን አይረሳም።»

ክርክሩ የቆየ ነው። ኮምፒውተሩ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ነው፤ አንድ የውጭ አገር ጎብኚ ሰጥቷቸው ሲሄድ የተጫነበት ማስኬጃ ዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ ነበር። ንጋት ብቻዋን ስትታገል ከርማ ለመደችው፤ ትንንሾቹን መተየብ የምታስተምረውም እሷ ናት። ኪዳን ግን ይህን ሲሰማ «ዊንዶውስ የሌለው፣ ጌም የማይከፍት ኮምፒውተር? እሱማ ታይፕራይተር ነው» ብሎ በክፍሉ ሁሉ አሳቀባት። ከዚያን ቀን ወዲህ ስሟ «ታይፒስቷ» ሆኖ ቀረ። ከነከናት፤ እንቅልፍ እስኪነሳት ድረስ ከነከናት።

ስለዚህ ሐሙስ ዕለት «አቧራውን ላጽዳው» ብላ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ኃላፊ ዲያቆን ተክለ ሚካኤልን አስፈቀደችና ወደ ቤቷ ወሰደችው። ዲስኩን ፎርማት አድርጋ፣ ሊኑክሱን ከነበረበት ሁሉ ጋር ጠርጋ ዊንዶውስ ጫነችበት። ቸኮለች እንጂ ጨርሶ ሳትጠይቅ አልቀረችም። «ኮምፒውተሩ ላይ የቀዳነው የየኔታ ሀብተ ሥላሴ ዜማ ተገልብጦ ተቀምጧል?» ብላ ነበር። ዲያቆኑም «አዎን፣ ለጥንቃቄ ብዬ ሁለት ቦታ አስቀምጬዋለሁ» አሏት። የት የት እንደሆነ አልጠየቀችም።

አሁን የድካሟን ፍሬ እያየች ነው። በኮምፒውተሩ ላይ የተጫዋቾቹ የማልያ ቁጥር ሳይቀር ይነበባል። «ሣሩን እዩት! ሣሩን!» ይላል አንዱ። ከፕሌይስቴሽኑ ፊት የነበሩት አንድ በአንድ ወደ ግራ ተንሸራተቱ። ኪዳን ራሱ ከገዛ ስክሪኑ ዓይኑን ሰርቆ ሲያይ ንጋት ያዘችው። ደስታዋ ልክ አጣ። ትንሽ ከቆየ «ተረትቻለሁ» ማለቱ አይቀርም።

ዲያቆን ተክለ ሚካኤል በሩ ላይ ብቅ ያሉት ይኼኔ ነው። ልጆቹ ብድግ ብድግ አሉ።

«ንጋት፣ እዚህ ነች ቢሉኝ መጣሁ። የኔታ ከደሴ ተመለሱ።»

«ተሻላቸው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ነፍሳቸው ተርፏል። ድምፃቸው ግን አይመለስም ብለዋል ሐኪሞቹ። የሚያወሩት በሹክሹክታ ነው። ተማሪዎቻቸው ከገነተ ማርያም መጥተው እዚህ እህታቸው ቤት ተሰብስበዋል። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ኮምፒውተሩን ይዘሽልን ነይ። ዜማውን ይስሙት፤ ትምህርቱም ከዚያው ይቀጥላል።»

«ከሲዲው… ከሲዲው አይሆንም?»

«ከየትኛው ሲዲ?»

«ሁለት ቦታ አስቀምጫለሁ ብለውኝ ነበር።»

«አዎን! አንዱን ዶክመንት የሚለው ውስጥ፣ ሌላውን እዚያው ስክሪኑ ፊት ላይ። አንዱ ቢጠፋ አንዱ አለ ብዬ።» ፈገግ አሉና ሄዱ።

ሁለቱም ቦታ አንድ ዲስክ ነው። ያንን ዲስክ ደግሞ ንጋት ሐሙስ ዕለት ጠርጋዋለች።

ባለፈው ክረምት ማይክራፎኑን የያዘችላቸው ራሷ ነበረች። የኔታ ሀብተ ሥላሴ ከመምህራቸው በቃል የተቀበሉትን፣ ዛሬ ከእሳቸው በቀር አሟልቶ የሚያውቀው የሌለውን ዜማ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዜሙ ዋሉ። ሲጨርሱ ወደ ኮምፒውተሩ ሳጥን ጎንበስ አሉና «ይህስ ተማሪሽ ቀለም ይዘልቀዋል?» ብለው ጠየቋት።

«ይዘልቀዋል የኔታ። እሱ አይረሳም» አለቻቸው፤ ተሳሳቁ።

«ምን ሆንሽ?» አላት ኪዳን። ፊቷ ዓመድ መስሎ ነበር።

በጆሮው ነገረችው። የኪዳንም ፊት ተለወጠ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሲከራከር ነው አፉ የሚያስቸግረው። ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሊኑክሱ ተበላሽቶ ጠፋ በያቸው። ወይም ቫይረስ በላው በይ። ከዚህ እስከ ጋሸና ሊኑክስ የሚባል ነገር የሚያውቅ ካንቺ ሌላ ማን አለ? ማን ይጠይቅሻል?»

እውነቱን ነው፤ ማንም አይጠይቃትም። እንዲያውም ያዝኑላታል። ይህን ስታስብ ይበልጥ ፈራች።

ሌላም የምታውቀው ነገር አለ። ባላወቀችው በወደደች። ፎርማት የተደረገ ዲስክ ወዲያው ባዶ አይሆንም። አባቷ ብራና ፋቂ ናቸው፤ አሮጌ ጽሕፈት ሲፍቁ ጥላው ከሥር እንደሚቀር፣ አዲስ ቀለም ሲጻፍበት ግን እንደሚጠፋ አይታለች። ዲስኩም እንደዚያው ነው። ደሴ ያሉ የኮምፒውተር ጠጋኞች አንዳንዴ የጠፋውን ይመልሱታል ሲባል ሰምታለች። አንዳንዴ ብቻ። ዊንዶውሱ ደግሞ ከሐሙስ ጀምሮ በየኔታ ድምፅ ላይ ሲጽፍ ከርሟል፤ አሁንም ተጫዋቾቹ እየሮጡ ይጽፋል። ዲስኩ ደሴ ይሂድ ካለች ደግሞ ለምን እንደሆነ መናገሯ ነው። መዋሸትና ዜማውን ማዳን አብረው አይሄዱም።

«ንጋት፣ ምቺው እንጂ! ፍጹም ቅጣት ምት ነው!»

ኳሱ ነጩ ነጥብ ላይ ተቀምጧል። ክፍሉ ትንፋሹን ውጦ እሷን ያያል። ብታገባ ክርክሩ ያልቃል፤ «ታይፒስቷ» የሚሏትም ይቀራል። ጣቷ ቁልፉ ላይ ነበር።

ጎንበስ ብላ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለችው።

ስክሪኑ ጨለመ። ልጆቹ ጣሪያው እስኪነሳ ጮኹ። «ፈራች! ፈራች!» «ፕሌይስቴሽን አሸነፈ!» አንዱ ድንክዬ አግዳሚ ላይ ወጥቶ እስክስታውን አወረደው። ሞላ «ምን ነካሽ አንቺ ልጅ? እንዲህ ሲነቅሉት ይበላሻል እኮ!» ብሎ ራሱን ያዘ።

ኪዳን ብቻ አልጮኸም። መሳቢያውን ከፍቶ ብሎን መፍቻ አቀበላት።

«ሰኞ ትምህርት ቤት ምን እንደሚሉሽ ታውቂያለሽ» አላት።

«አውቃለሁ።»

ዲስኩን አወጣችና በነጠላዋ ጠቀለለችው። ወደ የኔታ እህት ቤት የሚወስደውን ዳገት ስትጀምር ኪዳን ከኋላዋ ደረሰ። አብሯት ወጣ። በሩ ጋ ሲደርሱ እሱ ውጭ ቀረ።

የኔታ አንገታቸው ላይ ሻርፕ ጠምጥመው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ከስተዋል። ተማሪዎቻቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ዲያቆን ተክለ ሚካኤልም አሉ። ንጋት ጉልበታቸውን ስማ ቀና ስትል፣ አረጋዊው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። እንዲሰማ ሁሉም ዝም አለ።

«ተማሪሽ ደህና ነው?» አሉ በሹክሹክታ፣ ዓይናቸው እየሳቀ።

ነጠላዋን ፈታች። ብረቱ መዳፏ ላይ ቀዘቀዛት።

«የኔታ፣ ሳጥኑ…» አለችና ቆመች። ዲስኩን ወደ እሳቸው ዘረጋች።

«ሳጥኑ አልረሳም ነበር የኔታ። እኔ ነኝ ያጠፋሁበት» አለች፤ ከዚያም ሐሙስ ዕለት ያደረገችውን ከመጀመሪያው ጀምራ ትነግራቸው ጀመር።